አራስ ሕፃንና ካሜራ፦ የብርሃን፣ የሙቀትና የቀለም ጉዳይ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ የተነሡ የሕፃናት ፎቶግራፎችን በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። ሕፃኑ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ግን ወንበር አይመስልም። ትከሻ አለው፤ አንዳንድ ጊዜም ከመጋረጃው ሥር እጅ ወጥቶ የሕፃኑን ወገብ ደግፎ ይታያል። ነገሩ ወዲያው ይገባናል፤ እናቲቱ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በጨርቅ ተሸፍና ልጇን ታቅፋለች። የፎቶግራፍ ታሪክ አጥኚዎች እነዚህን ምስሎች «የተሰወረች እናት» እያሉ ይጠሯቸዋል።

የዚህ ሁሉ መሰወር ምክንያት የብርሃን እጥረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ይፋ የሆነው የዳጌር ዘዴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎችን ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው የኮሎዲየን ዘዴ ጊዜውን ወደ ሰከንዶች አወረደው። ሆኖም ጥቂት ሰከንድም ለሕፃን ረጅም ነው። «አትንቀሳቀስ» ቢሉት የሚሰማ ፍጡር አይደለምና አንገቱን የሚያጸናለት፣ ወገቡን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገው ነበር። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ጄላቲን የተቀቡ ደረቅ የመስተዋት ሰሌዳዎች ሲስፋፉ ምስልን በሰከንድ ክፋይ መቅረጽ ተቻለ፤ እናትም ቀስ በቀስ ከጨርቁ ሥር ወጣች።

አራስ ሕፃንን ፎቶ ማንሳት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው። በአውስትራሊያ ተወልዳ በኒውዚላንድ ስሟን የተከለችው አን ጌድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ሕፃናትን በአበባና በአትክልት መካከል አስተኝታ ለዓለም አሳየች። ዲጂታል ካሜራ በተስፋፋባቸው ዓመታት ደግሞ ሥራቸው ይህ ብቻ የሆነ ባለሙያዎች በብዙ አገሮች ተፈጠሩ። ልጁን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ በዚህ ወቅት እንቅልፉ ከባድ ነው፤ እጅና እግሩም በማኅፀን እንደለመደው በቀላሉ ይታጠፋል። በአገራችን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የልጅ የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚነሣ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ አራስ ልጅ የሚያነሣ ስቱዲዮ አለ፤ ወደ ስቱዲዮ የማይሄደውም ቤተሰብ በኪሱ ካሜራ ይዟል።

እኛ ነገሩን የምናየው ከፊዚክስ ወገን ነው። ፎቶግራፍ ከሕፃኑ ቆዳና ከዓይኑ ተንጸባርቆ የመጣ ብርሃን ልኬት ነው። ልኬት ደግሞ የለካውን ነገር ይናገራል፤ ሰሚው ሊሰማው ባይፈልግም እንኳ።

የመስኮቱ ብርሃን

በሙያው የበሰሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለጨቅላ የሚመርጡት ብርሃን «ለስላሳ» የሚሉትን ነው። ለመሆኑ የብርሃን ልስላሴ ምን ማለት ነው? መልሱ በአንድ ማዕዘን ይገለጻል፤ የብርሃኑ ምንጭ ከሕፃኑ ቦታ ሆነው ሲያዩት ምን ያህል ሰፊ ሆኖ ይታያል? ፀሐይ ምንም እንኳ ግዙፍ ብትሆን ከምድር ስትታይ የምትሸፍነው ማዕዘን ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጠራ ቀን የምትጥለው ጥላ ጠርዙ የተሳለ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ግን በአንድ ሜትር ርቀት 53 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከመስኮቱ አንዱ ወገን የመጣውን ብርሃን አፍንጫ ቢጋርደው ከሌላው ወገን የመጣው ይደርሳል፤ ጥላው ቀስ እያለ ይሳሳል እንጂ በቢላዋ እንደተቆረጠ አይሆንም። ያው መስኮት በ4 ሜትር ርቀት 14 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ፎቶግራፍ አንሺው ሕፃኑን ወደ መስኮቱ የሚያስጠጋው ብርሃኑ እንዲበዛለት ብቻ ሳይሆን መስኮቱ «እንዲሰፋለት» ጭምር ነው።

ይህን ለመፈተሽ ሕፃን አያስፈልግም፤ እንቁላል ይበቃል። በጨለማ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አንድ እንቁላል አስቀምጠን በእጅ ባትሪ ብናበራበት ግማሹ ያበራል፤ ግማሹ ይጨልማል፤ በቅርፊቱ ላይ ያለችው ጥቃቅን ጉድጓድ ሁሉ ጎልታ ትታያለች። ከዚያ ነጠላ ወጥረን በባትሪውና በእንቁላሉ መካከል፣ ወደ እንቁላሉ አስጠግተን እንያዝ። አሁን የብርሃኑ ምንጭ ባትሪው ሳይሆን ነጠላው ነው፤ የእንቁላሉም ቅርፊት ወዲያው ይለሰልሳል። የአራስ ልጅ ቆዳ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ይላላጣል፤ ጥቃቅን ሽፍታም አያጣውም። ብርሃኑን ያወቀ ባለሙያ ኋላ በኮምፒዩተር ከሚደክመው ድካም ግማሹን በዚህች ነጠላ ይገላገላል።

የርቀት ካሬ ተገላቢጦሽ ሕግም እዚሁ ላይ ይገባል። (ተማሪዎቻችን ይህን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው ይጽፉታል፤ በቤታቸው አምፖል ላይ ሲፈትሹት ግን አላየንም።) ከትንሽ አምፖል 1 ሜትር የራቀ የሕፃን ጭንቅላትና 1.5 ሜትር የራቀ እግር እኩል ብርሃን አያገኙም፤ ጭንቅላቱ ከእግሩ 2.25 እጥፍ ይበራል። የብርሃኑ ምንጭ እንደ መስኮት ሰፊ ሲሆን በቅርብ ርቀት መቀነሱ ከዚህ የዘገየ ነው። ብርሃኑ ከጭንቅላቱ ወገን ወደ ታች ሲወርድም የአፍንጫው ጥላ በለመድነው አቅጣጫ ይወድቃል። ከእግር ወደ ላይ ከበራ ግን ያማረው ልጅ እንኳ የሚያስፈራ መልክ ይይዛል፤ ዓይናችን ብርሃን ከሰማይ እንዲመጣ ለምዷልና።

ስለ ፍላሽ ብዙ እናቶች ይጨነቃሉ። የካሜራ ፍላሽ የሚቆየው አንድ ሺህኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በተለመደው ርቀት የሚያደርሰውም ጉልበት ጥቂት ነው። የዓይን ሐኪሞች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን ሬቲና ሲመረምሩ የሚጠቀሙት ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ በቀጥታ ወደ ብሌን የሚገባ ነው። ፍላሽ ሕፃንን ያስደነግጠው ይሆናል እንጂ ያሳውራል የሚለው ሥጋት ማስረጃ የለውም። በዓይን ረገድ ፍላሽ ስላለው ሌላ ጥቅም ወደ በኋላ እንመለሳለን።

ስድስት ዋት

ጥሩ የአራስ ልጅ ስቱዲዮ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሙቀቱ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ያልበዋል፤ ወላጆች ካፖርታቸውን ያወልቃሉ። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ የቆዳው ስፋት 0.2 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ ደግሞ 1.8 ካሬ ሜትር ያህል። ለክብደት ሲካፈል ጨቅላው በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከአዋቂው ሁለት እጥፍ ተኩል የሚሆን ቆዳ አለው። በዚያ ላይ ጨቅላ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨት አይችልም ማለት ይቻላል፤ የሚተማመነው በአንገቱና በትከሻው አካባቢ ባለው ቡናማ ስብ ነው፤ እርሱን ሲያቃጥል ደግሞ ኦክስጅንና ስኳር ያወጣል።

አሁን ልብሱን አውልቀን በአንድ ክፍል ውስጥ እናስተኛው። ቆዳው 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግድግዳው 22 ዲግሪ ይሁን። በስቴፋንና ቦልትዝማን ሕግ መሠረት ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆዳ ወደ ግድግዳው በጨረር የሚሄደው የተጣራ ሙቀት 74 ዋት ያህል ነው። ተጣጥፎ ስለሚተኛ ለክፍሉ የተጋለጠው ቆዳ 0.15 ካሬ ሜትር ነው ብንል 11 ዋት ያጣል። በዕረፍት ላይ ያለ ጨቅላ የሚያመነጨው በኪሎ ግራም 2 ዋት ገደማ፣ በድምሩ 6 ዋት ነው። ወጪው ከገቢው በእጥፍ ሊቃረብ ነው፤ በአየር እንቅስቃሴ፣ በትነትና በንክኪ የሚሄደውን ገና አልቆጠርንም። ግድግዳው 28 ዲግሪ ቢሆን ግን የጨረሩ ወጪ ወደ 5.7 ዋት ይወርዳል። ስሌታችን ግምታዊ ነው፤ ልዩነቱ ግን ከግምቱ ስሕተት በላይ ነው።

ልብ እንበል፤ በስሌቱ ውስጥ የገባው የግድግዳው ሙቀት እንጂ የአየሩ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አየሩን በአሥር ደቂቃ ያሞቃል፤ ቴርሞሜትሩም ደስ የሚል ቁጥር ያሳያል፤ የብሎኬት ግድግዳው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። በክረምት ወራት የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚኖርበት ያውቀዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመስኮቱ መስተዋት ነው። ብርሃን ፍለጋ ሕፃኑን የምናስጠጋው ወደ ክፍሉ ቀዝቃዛ ገጽ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ክፍሉን ቀደም ብለው ያሞቃሉ፤ ከመስኮቱም አንድ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ልጁን ራቁቱን የሚያቆዩት ለደቂቃዎች ነው። የቀረውን ጊዜ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ እኛም ብንጠየቅ የተጠቀለለውን ምስል እንመርጣለን።

ሌላው የደኅንነት ጉዳይ አተኛኘቱ ነው። ጨቅላው በክርኖቹ ተደግፎ አገጩን በሁለት መዳፎቹ ላይ ያሳረፈበት፣ እጅግ የተወደደ ምስል አለ። ብዙ ወላጅ በስልኩ ሊደግመው ይሞክራል። ይሁንና የአራስ ልጅ ጭንቅላት የሰውነቱን ርዝመት ሩብ ያህል ይይዛል፤ የአንገቱ ጡንቻ ሊሸከመው አይችልም። ምስሉ የሚሠራው ከሁለት ፎቶግራፎች ነው። በአንደኛው ረዳት ጭንቅላቱን ይይዛል፤ በሁለተኛው የእጅ አንጓዎቹን ይይዛል፤ ከዚያ ሁለቱ በኮምፒዩተር ተገጣጥመው የረዳቱ እጅ ይጠፋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰወረች እናት፣ ጨርቋን በሶፍትዌር ለውጣ፣ አሁንም በምስሉ ውስጥ አለች። እጇን ያላየ ሰው ልጁን ለብቻው እንዲያ ቢያስቀምጠው ጭንቅላቱ ይወድቃል፤ ወይም አንገቱ ታጥፎ የመተንፈሻ ቱቦው ይጠብባል።

ቢጫው

በመጀመሪያው ሳምንት በጊዜያቸው ከተወለዱ ጨቅላዎች 60 በመቶ ያህሉ፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ ቆዳቸው ይብዛም ይነስም ቢጫ ይሆናል። በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው ነው። መንሥኤው ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚፈጠረው ቢሊሩቢን ነው፤ የጨቅላው ጉበት ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። በአብዛኞቹ ላይ በራሱ ይጠፋል። በጥቂቶች ላይ ግን መጠኑ እጅግ ከፍ ብሎ ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ የመስማትና የእንቅስቃሴ ጉዳት አድርሶ ዕድሜ ልክ ይቀራል፤ ይገድላልም።

ቢሊሩቢን ቢጫ የሚመስለው በ460 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚመጥጥ ነው። ለካሜራው ይህ ማለት ከቆዳው በሚመለሰው ብርሃን ውስጥ ሰማያዊው ጎደለ ማለት ነው። የካሜራው ዳሳሽ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ባላቸው ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ስለሆነ ጉድለቱን በቁጥር ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው የሚያሳስበን። ካሜራው በራሱ ነጭን የሚያስተካክልበት ሥርዓት አለው፤ ምስሉ በአጠቃላይ ቢጫ ከመሰለው የአምፖሉ ጥፋት ነው ብሎ ይገምትና ሰማያዊውን ያበዛል። በምስሉ ውስጥ ከሕፃኑ ቆዳ በቀር ሌላ ነገር ብዙም ከሌለ የሚስተካከለው የልጁ ደም ነው ማለት ነው! ቀጥሎ ባለሙያው ይመጣል። ቢጫን ቀንሶ ቆዳውን ወደ ቀላ ያለ መልክ ማምጣት በዚህ ሙያ የተለመደ የማሳመር ሥራ ነው። ወላጆች የሚወስዱት ያማረ፣ ጤናማ መልክ ያለው ሕፃን ምስል ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ፎቶግራፍ አንሺ የሚወደው ሕፃን እንቅልፋም ነው፤ ቢገለብጡት የማይነቃ፣ ጡት ሳይጠይቅ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚተኛ። ቢሊሩቢኑ ከፍ ያለ ጨቅላም እንዲሁ ነው፤ ይደክማል፤ ለመጥባት አይነቃም። በእኛ አስተያየት «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ከማለት በፊት መቼ እንደጠባ መጠየቅ የባለሙያው ግዴታ መሆን አለበት።

የጠቆረ ቆዳ ባለው ሕፃን ላይ ቢጫነቱን በዓይን መለየት ይበልጥ ያስቸግራል፤ ሜላኒንም ሰማያዊ ብርሃን ይመጥጣልና። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች መፍትሔውን የፈለጉት በዓይን ነጭ ክፍል ላይ ነው፤ እዚያ ሜላኒን ጥቂት ነው። ዘዴያቸው ለፊዚክስ ተማሪ የሚጥም ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ ሁለት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አንዱ ስልኩ ብርሃን እየፈነጠቀ፣ ሌላው ሳይፈነጥቅ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ የክፍሉ ብርሃን ሁሉ ይወጣና ከስልኩ የመጣው፣ ቀለሙ አስቀድሞ የሚታወቀው ብርሃን ብቻ ይቀራል። ከጋና ባልደረቦቻቸው ጋር ከ300 በላይ በሆኑ ጨቅላዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል።

ብርሃን ቢሊሩቢንን ከማሳየትም አልፎ ይለውጠዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ጂን ዋርድ የተባሉ ነርስ ጨቅላዎችን ወደ ግቢው አውጥተው ፀሐይ ያሞቁ ነበር። አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ገላ ለሐኪሞቹ ሲያሳዩ አንሶላ ሸፍኖት የቆየው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ፣ የቀረው ገርጥቶ ተገኘ። በመስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የደም ናሙናም ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ታየ። ክሬመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ውጤቱን አሳተሙ፤ ዛሬ በሆስፒታሎች ያለው የሰማያዊ ብርሃን ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። ብርሃኑ የሞለኪዩሉን ቅርጽ ስለሚለውጠው ከሰውነት በቀላሉ ይወጣል። በአገራችን አራስ ልጅን በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም የቢሊሩቢኑን መጠን ደም ተመርምሮ ማወቅንም ሆነ የሆስፒታሉን መብራት አይተካም። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ ቢጫነቱ ወደ እግሩና ወደ መዳፉ የወረደ፣ ወይም መጥባት የቀነሰ ጨቅላ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ለፎቶግራፍ አንሺዎች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሥራ ሲጀመር ግራጫ ካርድ ወይም ነጭ ወረቀት ከልጁ አጠገብ አኑሮ አንድ ፎቶግራፍ ማንሳት፤ ነጩን በዚያ መለካት፤ ያልተነካውንም ምስል ለወላጆች መስጠት ወይም ማስቀመጥ።

ነጩ ብሌን

በፍላሽ የተነሣ ሰው ዓይኑ ቀይ ሆኖ የሚታየው ብርሃኑ በብሌን ገብቶ በደም የተሞላውን የዓይን የኋላ ግድግዳ ነክቶ ስለሚመለስ ነው። ፍላሹና ሌንሱ በተቀራረቡ ቁጥር የተመለሰው ብርሃን በሌንሱ የመያዙ ዕድል ይጨምራል። ዓይናቸው ጥቁር በሆነ ሰዎች ላይ ቀይነቱ ደብዘዝ ብሎ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ለፎቶግራፍ አንሺ እንከን ነው፤ ለዓይን ሐኪም ግን የምሥራች ነው፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ይመሰክራልና። በዓይን ውስጥ ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት ካንሰር ካደገ ወይም ሌንሱ በሞራ ከተሸፈነ ቀዩ ቀርቶ ነጭ ይመለሳል።

ሬቲኖብላስቶማ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ያህል የሚያጠቃ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ልጁ ይድናል፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑም ሊተርፍ ይችላል። በአሜሪካ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የሆነው ብራያን ሾው የራሱ ልጅ በዚህ በሽታ ከተያዘ በኋላ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ወደ ኋላ ሄዶ መረመረ። ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት ነጩ ብሌን ሕፃኑ ገና የ12 ቀን ልጅ ሳለ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ መታየቱን አስረዳ። 12 ቀን! ፎቶግራፍ አንሺዎች ለሥራቸው ከሚመርጧቸው ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እርሱና ባልደረቦቹ ነጩን ብሌን በራሱ የሚፈልግ የስልክ ፕሮግራም ፈትሸው አሳተሙ፤ በ20 የዓይን ሕመም ባለባቸው ልጆች ፎቶግራፎች ላይ ሲሞከር በ16ቱ ሕመሙ በሐኪም ከመታወቁ በአማካይ 1.3 ዓመት ቀደም ብሎ ምልክቱን አገኘ።

በዚህ ረገድ የተኛ ሕፃን ፎቶግራፍ ምንም አይናገርም፤ ዓይኑን የገለጠበት፣ ያለ ማስተካከያ የተነሣ ምስል ያስፈልጋል። ዛሬ ግን ብዙ ካሜራዎችና ፕሮግራሞች የብሌንን ቀለም በራሳቸው ያጠቁራሉ፤ የተረፈውን ደግሞ አሳማሪው በእጁ ያጠፋዋል። በተለይ አንዱ ብሌን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሲሆን «አለመመሳሰሉን» ማስተካከል የማይፈልግ አሳማሪ ጥቂት ነው።

ነጭ ብሌን ባየን ቁጥር ግን መደንገጥ አይገባም። ሕፃኑ ከካሜራው 15 ዲግሪ ያህል ወደ አፍንጫው አቅጣጫ ዞር ብሎ ሲመለከት የፍላሹ ብርሃን የዓይን ነርቭ በሚወጣበት ነጣ ያለ ሥፍራ ላይ ሊያርፍና ጤናማው ዓይን ነጭ ሊመስል ይችላል። በተለያየ ጊዜና አቅጣጫ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ያው አንድ ዓይን በተደጋጋሚ ነጭ ከሆነ ግን ልጁንም ያልተስተካከሉትን ፎቶግራፎችም ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ሐኪሙ በጨለማ ክፍል ውስጥ ኦፍታልሞስኮፕ በተባለው መሣሪያ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንኑ ቀይ ነጸብራቅ ነው፤ ለዚህ የሚፈጅበትም ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።